ቆስጣ ወይስ ጎመን፣ አጭር ቲማቲም ወይስ ረጅም? የጓሮ አትክልትን ከድስቱ አንጻር ለመምረጥ

ለጓሮ የሚሆን አትክልት የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ይበቅልልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግማሹን ብቻ ግን ነው የያዘው። ቀሪው ግማሽ «ምርቱ የሚደርሰው እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ቆስጣ በየሁለት ቀኑ እፍኝ እፍኝ እየሰጠ ወራት ይቆያል። አጭሩ የቲማቲም ዝርያ ግን ከሁለት ወር በላይ ባዶ እጅ አስጠብቆ፣ ያፈራውን ሁሉ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ያራግፈዋል። በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ለሚያበስል ቤት የመጀመሪያው ይመቻል፤ አንድ ቀን ሙሉ ስጎ ሠርቶ ለሚያስቀምጥ ቤት ሁለተኛው። ጓሮ ላይ አምሮ ወጥ ቤት ውስጥ የሚበሰብሰው አትክልት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስሌት ያልተሠራለት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ፀሐይ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና ዝኩኒ፣ ባጠቃላይ ፍሬያቸው የሚበላው፣ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ 8 ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ቅጠላ ቅጠሎች በ3 ወይም በ4 ሰዓት ፀሐይ ይኖራሉ፤ ሥራቸው የሚበላው መሃል ላይ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ወጥተው የግድግዳውና የዛፉ ጥላ የት እንደሚያርፍ ይዩ። ጥላ ውስጥ የተተከለን ቲማቲም ፍግ አያድነውም።

መሬት፣ ከፍ ያለ መደብ ወይስ ባልዲ

አፈሩ ጥልቅና ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ መሬት ላይ በቀጥታ መትከልን የሚያህል የለም። ወጪ የለውም፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሥርም እንደልቡ ይወርዳል። ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ ደግመው ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ ግማሽ ቀን ቆሞ ከዋለ እዚያ ቦታ ሥር ይታፈናል፤ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይሻላል።

የመደቡ ወርድ ከ1.2 ሜትር አይብለጥ፤ ከሁለቱም ጎን ሆኖ መሃሉ ላይ እጅ መድረስ አለበት። አፈሩ ከተረገጠ የመደቡ ጥቅም ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ርዝመቱ 2.4፣ ከፍታው 0.3 ሜትር የሆነ መደብ 0.86 ሜትር ኩብ አፈር ይውጣል። ብዙ ሰው ይህን የሚያሰላው ሣንቃውን መትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ይቀላቀል። ብስባሹ በደንብ የበሰለ፣ ሲነኩት የማይሞቅ፣ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር የሚመስል ይሁን። ያልበሰለ ከሆነ መበስበሱን አፈር ውስጥ ስለሚቀጥል ናይትሮጅኑን ከተክሉ ጋር ይሻማል፤ ቅጠሉም ይገረጣል።

ባልዲና ሣጥን ቦታ ለሌለው ሰው መፍትሔ ናቸው፤ ግን ያለ ርኅራኄ ውሃ ይጠይቃሉ። ሰላጣ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ካሮት 30 ይፈልጋል፤ አንድ ቲማቲም ከ20 ሊትር ባነሰ ዕቃ ውስጥ አይትከሉ። ታቹ መበሳት አለበት። ውሃ እንዲያጣራ ተብሎ ከታች ጠጠር የመደልደሉ ልማድ ግን አይረዳም፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ሥሩን የሚያረጥበው ክፍል ወደ ላይ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

መሬትም ሆነ መደብ ዝናቡ ተጨምሮ በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል፤ በየቀኑ ከመርጨት ሁለት ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል። ባልዲ በዚህ ሒሳብ አይመራም፤ በሞቃት ወቅት በየቀኑ፣ አንዳንዴም ጠዋትና ማታ። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ።

ቆስጣ፣ ጎመን ወይስ ሰላጣ

አንድ ቅጠል ብቻ ይመረጥ ከተባለ፣ ቆስጣ። ሙቀትንም ብርድንም በመጠኑ ይችላል፣ ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ መቆረጥ ይጀምራል፣ እየተቆረጠም ወራት ይሰጣል። ዘሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፤ በተክልና በተክል መካከል 25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። አንድ ፍሬ የሚመስለው ዘር ውስጡ ሁለት ሦስት የተጣበቁ ዘሮች ስላሉት ከአንድ ቦታ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ጠንካራውን ትተው ሌሎቹን በመቀስ ይቁረጧቸው፤ ከነቀሏቸው የሚቀረውን ሥር ያናጉታል። ሲሰበሰብ የውጭ ውጭው ቅጠል ከሥሩ ይቆረጣል፣ መሃል ያሉት አራት አምስት ለጋ ቅጠሎች ይቀራሉ። መሃሉን የቆረጠ ሰው ሳምንታት ይጠብቃል።

ጎመን ቦታ ይወስዳል፤ ለአንዱ ተክል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር። በምላሹ ድስት ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ቆስጣ መጥበሻ ሞልቶ ከተረፈ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ የሚሆንበት ነገር ለጀማሪ ያስደነግጣል። ለአንድ ሰው ጥሬ ቆስጣ 250 ግራም፣ ጎመን ግን 150 ግራም ይታሰብ። የኩላሊት ጠጠር ያስቸገረው ሰው ካለ ምርጫው ጎመን ነው፤ ቆስጣ ብዙ ኦክሳሌት አለበት፣ ጎመን ግን ጥቂት። ቆስጣን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የጎመን ጠላቱ ብዙ ነው። የቅጠሉን ጀርባ በሳምንት ሁለት ጊዜ ገልብጠው ይዩ፤ ቢጫ የእንቁላል ክምችት ካለ በጣት ይፍጩት፣ አባጨጓሬ ሆኖ ከወጣ በኋላ በአንድ ሌሊት ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሲታይ መጀመሪያ የሚሞከረው ኃይለኛ የውሃ ፍንጣቂ ነው። ክሽክሽ የሚበዛው ናይትሮጅን በበዛበት ለስላሳ ቅጠል ላይ ስለሆነ ፍግ የሚያበዛ ሰው ተባይም ያበዛል። የተቆረጠው ጎመን ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ የተደበቀው ሁሉ ይለቃል። ቆስጣ ላይ የሚመጣው ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ነጣ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ የሚቦረቡር ትል። የተያዘውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አበሳሰላቸውም አይመሳሰልም። የቆስጣ ግንድ ከቅጠሉ ይለይ፤ ግንዱ ተከትፎ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት 4 ደቂቃ ይቀድማል፣ ቅጠሉ ከዚያ ገብቶ 2 ወይም 3 ደቂቃ ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክዳን አይደረግ፤ ከቅጠሉ የሚተነው አሲድ ተመልሶ ስለሚወርድ አረንጓዴው ይደበዝዛል። ሎሚም የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ በዚሁ ምክንያት ነው። ጎመን ከጥቂት ማንኪያ ውሃ ጋር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ በብዙ ውሃ ከተንፈቀፈቀ ቤቱን የሚሞላው የድኝ ሽታ ይመጣል።

ሰላጣ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ቅጠላማው ዓይነት በ30 እና በ45 ቀን መካከል ይቆረጣል። ዘሩ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር ለስሙ ብቻ ይነስነስበት። ሙቀት ግን ይገለዋል። አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን አብዛኛው ዘር አይበቅልም፤ የበቀለውም ግንዱን ወደ ላይ መዝዞ ይመርራል። አንድ ጊዜ ሁሉንም ከመዝራት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ክንድ መስመር መዝራት ይሻላል። ቅጠሉ ውሃ የጠገበው ማለዳ ስለሆነ ያኔ ይቆረጥ።

አጭር ቲማቲም ወይስ ረጅም

ብዙ ጓሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ የሚፈልጉት አያያዝ ተቃራኒ ስለሆነ። አጭሩ ግንዱ ጫፍ ላይ አበባ ሲያወጣ እድገቱ ያቆማል፤ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ፍሬውም አንድ ላይ ይቀላል። ረጅሙ ጫፉ ስለማይዘጋ ብርድ ወይም በሽታ እስኪያቆመው ወደ ላይ ይሄዳል፤ 2 ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፣ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ያቀብላል። የዘሩ ማሸጊያ የትኛው እንደሆነ ይነግራል፤ ችግኝ ሲገዙ ግን መጠየቅ ግድ ነው፣ በሕፃንነታቸው አይለዩምና።

በግንዱና በቅጠሉ መጋጠሚያ፣ ልክ ብብት ውስጥ፣ ቡቃያ ይወጣል። ረጅሙ ላይ ይህ ቡቃያ እንደ ጣት ሳይረዝም በየሳምንቱ መነቀል አለበት፤ ከተተወ አንድ ተክል ስድስት ተክል ሆኖ ፍሬው ያንሳል፣ ውስጡም አየር ያጣል። አጭሩ ላይ ግን ከነቀሉት የነቀሉት ምርቱን ነው፤ ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነ ተክል ነውና ቅርንጫፍ በጎደለ ቁጥር ፍሬ ይጎድላል። አንድ ቦታ የተሰማ ምክር ለሁለቱም ሲሠራበት ነው «ቲማቲሜ ቅጠል ብቻ ሆነ» ወይም «ሦስት ፍሬ ብቻ ሰጠኝ» የሚባለው።

አተካከሉ አንድ ነው። የታች ቅጠሎቹ ተቆርጠው ግንዱ እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ይቀበራል፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ርቀቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ድጋፉ በተተከለበት ቀን ይቸከል፤ ከወር በኋላ የሚቸከል እንጨት ሥር ይበጥሳል። ሲታሰር በጨርቅ፣ ስምንት ቁጥር ሠርቶ፣ ላላ ብሎ። ሥሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ዝናብም አፈር ወደ ቅጠል እንዳይረጭ ይከለክላል። የፈንገስ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ፍንጣቂ ነው፤ ውሃም ሥር ሥሩን እንጂ ቅጠል ላይ አይፍሰስ።

የፍሬው ታች ጠቁሮ ሲሰረጉድ ሁሉም ሰው መድኃኒት ይፈልጋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ አልደረሰም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ተሸካሚው ውሃ ነው የተቋረጠው። አንድ ሳምንት ተረስቶ በሚቀጥለው የሚጥለቀለቅ ተክል ላይ ይበዛል። የእንቁላል ቅርፊት መቅበር ለዚያ ዙር ፍሬ አይደርስም፤ ቅርፊቱ ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ቆዳው የሚሰነጠቀውም ከድርቅ በኋላ በድንገት ውሃ ሲመጣ ነው። አበባው ፍሬ ሳይሆን ከረገፈ ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ወይም ቀኑ ከ32 በላይ ሆኖ እንደሆነ ይመልከቱ፤ መጠበቅ እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ወደ ድስቱ ስንመጣ፣ ስጎ ለሚሠራ ሰው አጭሩ፣ በተለይ ሞላላውና ሥጋው የበዛው ዓይነት፣ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። 2 ኪሎ ቲማቲም 1 ሊትር ያህል ስጎ ይወጣዋል። ቂጡ ላይ በቢላ መስቀል ይሠራና ለ30 ወይም ለ60 ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ቆዳው በጣት ይገፈፋል። ከዚያ ተከትፎ በሰፊ ድስት፣ ያለ ክዳን፣ በመካከለኛ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ሰፊ ድስት የተባለው ትነቱ በስፋቱ ልክ ስለሆነ ነው፤ በጠባብና ጥልቅ ድስት ሁለት ሰዓት ቢቆይም አይወፍርም፣ ታቹ ግን ያርራል። ጨው በመጨረሻ ይግባ፤ ግማሹ ሊተን የተቃረበ ነገር ላይ መጀመሪያ የተመጠነ ጨው መጨረሻ ላይ እጥፍ ይሆናል። ውሃማው ትልልቅ ዓይነት ለጥሬ መብል ነው፤ ስጎ ላድርግህ ቢሉት ነዳጅ ይጨርሳል።

ቦታው ለአንድ ተክል ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ወይን ዘለላ የሚመስለው ጥቃቅን ቲማቲም። ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፣ ታቹ የመጥቆር ችግርም እምብዛም አያገኘውም።

የተለቀመ ቲማቲም ሳይበስል ፍሪጅ አይግባ፤ ከ12 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይሞታል። መቅላት የጀመረ ፍሬ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይጨርሳል፤ ፀሐይ አያስፈልገውም።

ፎሶሊያ፦ ቁጥቋጦው ወይስ ሐረጉ

ልዩነቱ የቲማቲሙን ይመስላል። ቁጥቋጦው በ50 እና በ60 ቀን መካከል ደርሶ በሦስት ሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ድጋፍ አይጠይቅም። ሐረጉ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ይጀምርና ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፤ 2 ሜትር የሚሆን እንጨት ግን ይፈልጋል። ጠባብ ጓሮ ካለዎት ሐረጉ ይሻላል፤ ምርቱን ወደ ሰማይ ነው የሚደረድረው። ዘሩ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል፣ ቁጥቋጦው በየ10፣ ሐረጉ በየ15 ሴንቲ ሜትር። ቀዝቃዛና ጭቃማ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ፍግ አያብዙበት፤ ናይትሮጅንን ራሱ ከአየር ስለሚያገኝ ሲጨመርለት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

በየሁለት ቀኑ ካልተለቀመ ያቆማል። ፍሬው ውስጥ ዘር አብጦ ሲታይ ተክሉ «ሥራዬን ጨረስኩ» ብሎ አበባ መስጠት ይተዋል። ያረጀው ይለቀም፤ ባይበላም እንኳ።

ፎሶሊያ ጥሬውን አይበላም፤ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ፕሮቲን አለበት፣ የሚጠፋውም በፈላ ውሃ ነው። ለስላሳው በፈላ ጨዋማ ውሃ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከቲማቲም ጋር የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ይለስልስ፣ ቲማቲሙ ከዚያ ይግባ። አሲድ የአትክልቱን ግድግዳ እንዳይፈታ ስለሚያደርገው አብሮ የገባ ፎሶሊያ 40 ደቂቃ ቢቀቀልም ጥርስ ላይ ይንጫጫል።

ካሮት ወይስ ቀይ ሥር

ለጀማሪ ቀይ ሥር። ካሮት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለመብቀል ብቻ ከ10 ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአፈሩ ገጽ አንድ ቀን ከደረቀ አለቀ። ከተዘራ በኋላ እርጥብ ጆንያ ማልበስና ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየማለዳው ገልጦ ማየት ይረዳል፤ የመጀመሪያው ነጭ ጭራ እንደታየ ጆንያው ይነሳ። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለሱ ይመስላል። በደረቅ አሸዋ አሽተው ቢዘሩት ይሳሳል። የኋላ ኋላ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እስኪቀር ማሳሳት አይቀርም። ችግኝ አዛውሮ መትከል አይሆንም፤ ጠጠርና ትኩስ ፍግ ያለበት አፈርም ሥሩን እንደ ሱሪ ይሰነጥቀዋል።

ቀይ ሥር ዘሩ እንደ ቆስጣ ነው፤ ዘመዳሞች፣ እንዲያውም አንድ ዝርያ ናቸው። በየ10 ሴንቲ ሜትር ይተከላል፣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፣ ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ይበላል። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር ይነቀል፤ ከዚያ በላይ እንጨት ይሆናል። ሲቀቀል ቆዳውም ጭራውም አይነካ፣ ከቅጠሉ ግንድ 3 ሴንቲ ሜትር ይቅር፤ ካልሆነ ቀለሙና ጣዕሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ ከዚያ ቆዳው በእጅ ይላጣል።

ሁለቱም ሲነቀሉ ቅጠላቸው ወዲያው ይቆረጥ፤ ከተተወ ከሥሩ ውሃ መጥጦ በሁለት ቀን ያጠወልገዋል።

ዝኩኒ፣ አንድ ብቻ

ሁለት ተክል ለቤተሰብ ይበዛል። አንዱ ከ1 ካሬ ሜትር ቦታ በ50 ቀን ገደማ መስጠት ይጀምራል፤ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር መካከል ሳለ ካልተቆረጠ በሦስት ቀን የክንድ ያህል ይሆናል። መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ወንድ ናቸውና ቢረግፉ አያስደንግጥ። ሴቷ ከአበባው ሥር ትንሽ ዝኩኒ ይዛ ትታያለች፤ ንብ ከሌለ በማለዳ የወንዱን አበባ ቆርጦ መሃሉን እሷ ላይ ማሸት ነው። በከፍተኛ እሳት፣ ሳይደራረብ ይጠበስ። አንድ ቁራጭ ቀምሰው ከመጠን በላይ ከመረረ ይጣል፤ መራራው ነገር በማብሰል አይጠፋም፣ ሆድም ያማል።

ሲተርፍ፦ ፍሪዘር ወይስ ማሸግ

ለቲማቲም ሁለቱም ይሆናል። ቀላሉ ሙሉውን አጥቦ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው፤ በረዶው ሲለቅ ቆዳው በራሱ ይወልቃል። በመስታወት ዕቃ ለሚያሽግ ሰው ግን አሲዱ በቂ መሆን አለበት። ለግማሽ ሊትር 1፣ ለአንድ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመር፤ የተጨመቀው ትኩስ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ አይታመንም። ስጎው ቲማቲም ብቻ ይሁን፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ሲከፈት ይገቡበታል። ክዳኑ ገጥሞ የግማሽ ሊትሩ ዕቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ 35 ደቂቃ ይቆያል። ይህ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ቦታ ነው፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 50 ደቂቃ ይሁን።

ፎሶሊያን፣ ቆስጣንና ካሮትን በዚህ መንገድ ፈጽሞ አያሽጉ። አሲድ ስለሌላቸው፣ በፈላ ውሃ የማይሞተው የቦቱሊዝም (ለሞት የሚያደርስ የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር አየር በሌለው ዕቃ ውስጥ መርዝ ይሠራል፤ መርዙ አይሸትም፣ አይታይም። ለእነሱ ፍሪዘር ነው። ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ ቆስጣ 2 ደቂቃ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ገብተው ለዚያው ያህል ጊዜ በረዶ በበዛበት ውሃ ይቀዘቅዛሉ፤ በደንብ ይጠፈፋሉ፣ ትሪ ላይ ተዘርግተው ከደረቁ በኋላ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ሳይነከር የገባ ፎሶሊያ በሁለት ወር ውስጥ ሣር ሣር ይላል፤ የሚያበላሸውን ኢንዛይም የሚገድለው ያ የ3 ደቂቃ ፈላ ነው፣ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።